የቅዝቃዜ ድንጋጤ ፕሮቲኖች

የቅዝቃዜ ድንጋጤ ፕሮቲኖች ባክቴሪያዎች በድንገት ሲቀዘቅዙ በብዛት የሚሠሯቸው ትናንሽ ፕሮቲኖች ናቸው። ዋና ተግባራቸው አርኤንኤ በብርድ ተቆላልፎ እንዳይቀር መከላከል ነው። ከዚሁ ቤተሰብ የሆኑ አንዳንድ ፕሮቲኖች በተለመደው ሙቀትም ይገኛሉ።

የቅዝቃዜ ጉዳት

በሰው አንጀት የሚኖረው ኢ. ኮላይ የሚስማማው 37 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ሙቀቱ በድንገት ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ እድገቱ ለጥቂት ሰዓታት ይቆማል። የሕዋሱ ሽፋን ይደድራል፤ ኢንዛይሞችም ይዘገያሉ። ሌላው ከባድ ችግር የሚደርሰው በአርኤንኤ ላይ ነው። አርኤንኤ ነጠላ ክር ስለሆነ በራሱ ላይ ይታጠፋል። እጥፋቶቹ በሙቀት ይላላሉ፣ በብርድ ግን ይጠብቃሉ። ራይቦዞም በአርኤንኤ ላይ ያለውን መልእክት አንብቦ ፕሮቲን የሚሠራው ክሩ ሲዘረጋ ስለሆነ፣ እጥፋቱ ከጠበቀ ሥራው ይስተጓጎላል።

አወቃቀር

ከሁሉም በይበልጥ የተጠናው እ.ኤ.አ. በ1990 በኢ. ኮላይ የተገኘው ሲኤስፒ-ኤ ነው። ርዝመቱ 70 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። አምስት የቤታ ዘርፎች ተጠማዘው በርሜል የመሰለ ቅርጽ ይሠራሉ። በበርሜሉ አንድ ገጽ ላይ እንደ ፌኒልአላኒን ያሉ ቀለበት ያላቸው አሚኖ አሲዶች ተደርድረዋል። እነዚህ ቀለበቶች ከአርኤንኤ ቤዞች ጋር ተደራርበው ክሩን ይይዙታል።

ተግባር

ፕሮቲኑ ነጠላውን ክር ይዞ እንደገና እንዳይታጠፍ ያደርጋል፤ ለዚህም ኤቲፒ አይፈጅም። አያያዙ ጠንካራ ስላልሆነ ራይቦዞም ሲደርስ ይለቃል። ኢ. ኮላይ ከሲኤስፒ-ኤ እስከ ሲኤስፒ-አይ ዘጠኝ የቤተሰቡ አባላት አሉት። አንዱ ቢጎድል ሌላው ይተካዋል። ተመራማሪዎች አራቱን ጂኖች በአንድነት ሲያስወግዱ ግን ባክቴሪያው በብርድ ማደግ ተስኖታል።

ቅዝቃዜን የሚለይ መልእክት

የሲኤስፒ-ኤ መልእክተኛ አርኤንኤ በ37 ዲግሪ በሰከንዶች ውስጥ ይፈርሳል፤ በብርድ ግን ለብዙ ደቂቃዎች ይቆያል። ከዚህም በላይ በብርድ የሚይዘው ቅርጽ ለራይቦዞም ይበልጥ አመቺ ነው። ስለዚህ ሌሎችን መልእክቶች የሚያስተጓጉለው ቅዝቃዜ ይህንን ያነቃዋል።

ጠቀሜታ

ማቀዝቀዣ የባክቴሪያን እድገት ያዘገያል እንጂ ሁሉንም አይገታም። ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአራስ ሕፃናትና ለአረጋውያን አደገኛ የሆነው ሊስቴሪያ ሞኖሳይቶጂንስ በ4 ዲግሪም ይራባል። ይህ ባክቴሪያ ሦስት የቅዝቃዜ ድንጋጤ ፕሮቲኖች አሉት፤ እነርሱን ሲያጣ በብርድ የማደግ አቅሙ ይዳከማል። ስለዚህ ምግብ በማቀዝቀዣ መቀመጡ ብቻውን ለደኅንነቱ ዋስትና አይሆንም።

በግብርናም የባሲለስ ሰብቲሊስ ሲኤስፒ-ቢ ጂን ድርቅን እንዲቋቋም ታስቦ በበቆሎ ውስጥ ገብቷል። ይህ በቆሎ በአሜሪካ ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ጂኑን የያዘ በቆሎ በኢትዮጵያም በምርምር ማሳ ተሞክሯል።