ወደቡ የሚመረጠው ውሃው ሲጎድል ነው

የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተቀመጠ። ከ2012 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ውሃ ሲይዝ ቆይቶም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በግድቡ ጀርባ የተኛው ንጋት ሐይቅ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ 1 ሺህ 874 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬትም ይሸፍናል። ግድቡ ስለሚያመነጨው 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት ኃይል ብዙ ተብሏል። በሐይቁ ዳርቻ የሚኖረው አርሶ አደር ግን ሌላም ጥያቄ አለው። ወዲያ ማዶ በምን ይሻገራል? ሰሊጡንና ለውዙን፣ ያሰገረውንም ዓሣ በምን አውጥቶ ይሸጣል? የታመመ ሰው ይዞ ሲሳፈርስ በሰላም ይደርሳል ወይ?

ቀድሞ ወንዝ በነበረበት ሥፍራ ዛሬ በአንድ በኩል መተከልን፣ በሌላው በኩል አሶሳንና ካማሺን የሚያዋስን ሰፊ ሐይቅ ተኝቷል። ወንዝ ለመሻገር የሚያስፈልገው ዕውቀትና ሐይቅ ለመሻገር የሚያስፈልገው አንድ አይደለም። ወንዝ የሚያሰጋው በክረምት ነው። ለኃይል ማመንጫ የተያዘ ሐይቅ ግን በክረምትም በበጋም የየራሱ አደጋ አለው፤ ዳርቻውም ከወር ወር አንድ ቦታ አይገኝም።

ለዚህ ምክንያቱ የግድቡ አሠራር ነው። ሐይቁ ጢም ብሎ ሲሞላ የውሃው ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር ላይ ይደርሳል። ኃይል ለማመንጨት የሚፈቀደው ዝቅተኛው ከፍታ ደግሞ 590 ሜትር ነው። በሁለቱ መካከል 50 ሜትር አለ። ውሃው በየዓመቱ ያን ያህል ይወርዳል ማለት አይደለም፤ እንደ ዝናቡና እንደሚመነጨው ኃይል መጠን ይለያያል። ነገር ግን ክረምቱ ሲያበቃ ከፍ ብሎ፣ በጋው እየገፋ ሲሄድ ወደ ግንቦትና ሰኔ መጀመሪያ ዝቅ ማለቱ የተለመደ የማመንጫ ሐይቅ ጠባይ ነው።

ይህ በዳርቻው ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ቀላል ስሌት ያሳያል። መሬቱ ገር ሆኖ በመቶ ሜትር ርቀት አንድ ሜትር ብቻ የሚወርድ ቁልቁለት ቢሆን፣ ውሃው አምስት ሜትር ሲጎድል ዳርቻው ግማሽ ኪሎ ሜትር ይሸሻል። በጥቅምት ጀልባ የቆመበት ወደብ በግንቦት በጭቃ ሜዳ መካከል ይቀራል። ኩንታል የተሸከመ ሰው ወይም የተጫነ አህያ በዚያ ጭቃ ማለፍ አይችልም። ነፍሰ ጡር በቃሬዛ ይዞ የመጣ ወገን ደግሞ ጭራሽ ይቸገራል። ጀልባውም ምቹ ነው ብሎ ወዳገኘው ቦታ ይሄዳል፤ ያም ቦታ መንገድ የሌለው፣ ጥልቀቱ ያልታወቀ፣ ጉቶ የተደበቀበት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የወረዳ ባለሙያዎች ወደብ ለመምረጥ ወደ ሐይቁ መውረድ ያለባቸው ውሃው ሲጎድል ነው። የሚፈለገው ድንጋያማ ወይም ጠጠር ያለው፣ ጠንከር ያለ ቁልቁለት ነው። ጅረት የሚገባበት ጥግ ከነፋስ ቢከልልም ደለል ስለሚሞላበት ቶሎ ይበላሻል። ወደ ሐይቁ ገብቶ የቀረ የድሮ መንገድ ካለ ብዙ ጊዜ ጥሩ ምርጫ ነው፤ አፈሩ በእግርና በጎማ ተጠቅጥቋል፣ ውሃው በሸሸ ቁጥርም መንገዱ ተከትሎት ይወርዳል። በአንድ መንገድ ላይ ለሙሉ፣ ለመካከለኛና ለጎደለ ውሃ የሚሆኑ ሁለት ሦስት ማረፊያዎችን ማዘጋጀት በአንድ ቦታ ብዙ ገንዘብ ከማፍሰስ ይሻላል።

እዚህ ላይ የእርሻ ጉዳይም አለ። ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠው እርጥብ መሬት ለዘር ያጓጓል። የውሃ ሽሽ መሬት ላይ መዝራት በተፈቀደበት ቦታ ሁሉ፣ ከመሬት ድልድሉ በፊት ከመንገዱ እስከ ዝቅተኛው ውሃ ድረስ የሚወርድ የሕዝብ መተላለፊያ ተለክቶ ሊከለል ይገባል። ዘር ከበቀለ በኋላ መንገድ ልክፈት ማለት ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል።

ሁለተኛው አደጋ ከውሃው ሥር ያለው ነው። ሐይቁ የተኛው ዛፍ በነበረበት ቆላ ላይ ነው። የምንጣሮ ሥራ ቢሠራም፣ ግንድና ጉቶ ባለበት ሐይቅ የሚያሰጋው ከውሃው በላይ የሚታየው ሳይሆን አንድ ክንድ ያህል ጠልቆ የተደበቀው ነው። ጋና በዚህ ብዙ ሰው አጥታለች። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 የተጠናቀቀው የአኮሶምቦ ግድብ የፈጠረው የቮልታ ሐይቅ ከነዛፉ የተሞላ ነበር። ግድቡ ከተጠናቀቀ ከ40 ዓመት በኋላ እንኳ፣ በ2006፣ ከዲግያ ብሔራዊ ፓርክ እንዲነሱ የተደረጉ ከመቶ በላይ ሰዎችን የጫነ ጀልባ ከጉቶ ጋር ተጋጭቶ ተገልብጦ በርካቶች ሞተዋል። በውሃ ውስጥ ያለ እንጨት ቶሎ አይበሰብስም፤ ጊዜ ይፈታዋል ብሎ መተው አይቻልም።

ለዚህም መፍትሔው የሚገኘው በጎደለ ውሃ ወራት ነው። በክረምት የማይታየው ጉቶ በሚያዝያና በግንቦት ራሱን ያሳያል። በዚያን ጊዜ የጀልባ መስመሩን ይዞ መቁረጥ ይቻላል። የሚቆረጥ ዛፍ ግን ከሥሩ ሊቆረጥ ይገባል፤ ከወገቡ የተቆረጠ ዛፍ ካልተቆረጠው ይብሳል፤ ውሃው ሲመለስ ይሸፍነዋልና። ሐይቁን ሁሉ መመንጠር ደግሞ አያስፈልግም። የሰመጡ ዛፎች ለዓሣ መጠለያና መመገቢያ ስለሆኑ፣ ከጀልባ መስመሩ ውጭ ያሉትን መተው ለአስጋሪዎች ይጠቅማል። መስመሩን ለመለየት ቀለም የተቀባ ባዶ ጀሪካን ከከባድ ድንጋይ ጋር በገመድ አስሮ ማንሳፈፍ ይበቃል። ገመዱ ግን ሐይቁ ሲሞላ ለሚኖረው ጥልቀት የሚበቃ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ምልክቱ በክረምት ይሰጥማል።

ሦስተኛው ጭነት ነው። ጀልባ የሚገለበጠው በማዕበል ብቻ አይደለም፤ ከአቅሙ በላይ ሲጫንም ነው። አሥር ኩንታል ሰሊጥ አንድ ሺህ ኪሎ ግራም ነው። ይህም አንድ ሰው በአማካይ 60 ኪሎ ቢመዝን ወደ 17 ከሚጠጉ ሰዎች ክብደት ጋር ይስተካከላል። ስለዚህ «ሰው ጥቂት ነው፣ እህል ብቻ ነው» የሚለው ምክንያት አይሠራም። በጀልባው ጎን ላይ በባለሙያ ተለክቶ ቀይ መስመር ቢቀባ፣ መስመሩ ውሃ ውስጥ ሲገባ ማራገፍ ግዴታ መሆኑን ማንበብ የማይችል ሰውም ያውቀዋል። ከብት የሚጫን ከሆነ በአጭሩ መታሰርና ከሰው መለየት አለበት፤ አንድ በሬ ደንግጦ ወደ አንድ ጎን ቢሄድ ጀልባው አብሮት ያዘነብላል።

ነፋስም አለ። ሐይቁ በድሮው የወንዝ ሸለቆ ተከትሎ ረዥም ርቀት ይሄዳል። ነፋስ ረዥም የውሃ ገጽ ባገኘ ቁጥር ማዕበሉ ያድጋል። ዳር ላይ ፀጥ ያለ የሚመስለው ውሃ መሐል ላይ ሌላ ሊሆን ይችላል። ዝናብና መብረቅ ሲያንዣብብ አለመነሳት፣ ጉዞን በጠዋት መጨረስ፣ ሌሊት አለመጓዝ ምንም ወጪ የማይጠይቁ ጥንቃቄዎች ናቸው።

የነፍስ አድን ጃኬት የሚጠቅመው ሲለበስ ነው። ከመቀመጫ ሥር የተቀመጠ ጃኬት ጀልባው ሲገለበጥ አይደረስበትም። ለልጆች በልካቸው የተሠራ ያስፈልጋል። ጃኬቱ እስኪሟላ ድረስ ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንድ ሰው ተደግፎበት እንዲንሳፈፍ ያስችላል። ይህ ግን ለክፉ ቀን እንጂ ጃኬቱን የሚተካ አይደለም።

በግድቡ አካባቢም ጀልባ ሊጠጋ አይገባም። ውሃ ወደ ተርባይኖቹ የሚሳብበትና በማስተንፈሻው የሚለቀቅበት ቦታ ሞተር የማይቋቋመው ጉልበት አለው። ክልሉ የጥበቃ ክልል መሆኑን እያንዳንዱ አስጋሪና የጀልባ ባለቤት ማወቅ አለበት።

በአገሪቱ የውሃ ላይ ትራንስፖርትን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ነው። ይሁን እንጂ በየወደቡ በየዕለቱ የሚገኘው ወረዳውና ቀበሌው ነው። ቀበሌው በየወደቡ አንድ ደብተርና አንድ ኃላፊነት ያለው ሰው ሊያስቀምጥ ይችላል። ጀልባው ሲነሳ የተሳፋሪዎች ስምና ሰዓቱ ይመዘገባል፤ ወዲያ ማዶ ላለው ተቀባይም ይነገራል። ጀልባው በሰዓቱ ካልደረሰ ፍለጋው ወዲያው ይጀመራል። ስማቸው ያልተመዘገበ ሰዎች ቢጠፉ ግን ስንት እንደነበሩ እንኳ በቶሎ አይታወቅም።

ይህ ሁሉ ሥራ ወቅት አለው። በሚያዝያና በግንቦት የወረዳው የትራንስፖርት፣ የግብርናና የጤና ባለሙያዎች ከአስጋሪ ማኅበራትና ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር ዳርቻውን በእግር ቢዞሩ፣ ጉቶው ይቆጠራል፣ መስመሩ ይቀባል፣ የወደቡ ቦታ ይወሰናል። የድሮውን መንገድና ዛፉ የነበረበትን ቦታ ከሽማግሌዎቹ በላይ የሚያውቅ የለም። ሰኔ ከገባ በኋላ ውሃው እየተመለሰ ይሸፍነዋል፤ ያልተቆረጠው ጉቶም በቀጣዩ ዓመት ሰሊጥ ጭኖ ወይም ሕመምተኛ ይዞ የሚሻገረውን ጀልባ ይጠብቃል።