ዳታቤዙ ጥቅምት 30ን ለምን እምቢ አለ?

ከጅማ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ አጋሮ ላይ፣ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ ነን እንበል። ገበሬው እሸት ቡናውን አስመዝኗል፤ መዝጋቢዋ ኪሎውንና ቀኑን ኮምፒውተር ላይ ታስገባለች፦ 2017-02-30። ጥቅምት 30 መሆኑ ነው። ኮምፒውተሩ ግን እንዲህ ያለ ቀን የለም ብሎ መለሰው። እሱ ሁለተኛ ወር የሚለው ፌብሩዋሪን ነው፤ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 ቀን የለውም።

ለመሆኑ እምቢ ያለው ማን ነው? በፕሮግራሙና በዳታቤዙ መካከል ድራይቨር የሚባል አስተርጓሚ አለ። ፕሮግራሙ በፓይተን ተጽፎ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የሚያገናኛቸው ሳይኮፒጂ የተባለው ኦፕን ሶርስ ድራይቨር ነው። ቀኑን የፓይተን «ዴት» ልታደርጉት ብትሞክሩ ድራይቨሩ ጋ ሳይደርስ ፓይተን ራሱ ይጥለዋል። እንደ ተራ ጽሑፍ ከላካችሁት ግን ድራይቨሩ ያሳልፈዋል፣ የሚመልሰው ፖስትግሬስ ነው። ኤስኪውላይት ደግሞ ለቀን የተለየ ዓይነት ስለሌለው እንዳለ ያስቀምጠዋል። ማይኤስኪውኤል በ2015 እ.ኤ.አ. ከወጣው 5.7 በፊት፣ ጥብቅ ሁነታው ካልተከፈተ፣ 0000-00-00 ብሎ መዝግቦ በማስጠንቀቂያ ብቻ ያልፍ ነበር። የገበሬው ቀን ጠፋ ማለት ነው!

እውነቱን ለመናገር እምቢታው ይሻላል፤ ቢያንስ ችግር እንዳለ ታውቃላችሁ። የሚያስፈራው ዝም ብሎ ሲቀበል ነው። ጥቅምት 25 አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ኅዳር 5 ላይ ስንት ቀን ሆነው? የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ 10 ቀን። ዳታቤዙ ግን 2017-02-25 እና 2017-03-05 ብሎ ነው የያዛቸው፤ የዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ ደግሞ 28 ቀን ነበር፤ ስለዚህ 8 ቀን ይላችኋል። የስህተት መልእክት የለም። ይህን ቁጥር አምኖ ሁለት ቀን የሚጨምር ሰው ቡናውን ከልክ በላይ ሊያደርቀው ይችላል።

ይህን ሁሉ ፕሮግራመሩ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ከድራይቨሩ ሰነድ ነው። የሳይኮፒጂ ሰነድ ፖስትግሬስ ከ9999 በኋላ ያሉ ዓመታትን መያዝ ቢችልም ፓይተን እንደማይችል በግልጽ ይናገራል። ጥሩ ነው፤ ጅማ ላይ ግን ለጊዜው በዚያ ዓመት ቡና የሚመዝን የለም። ለእኛ የሚጠቅመን አንድ አጭር አንቀጽ ነው፦ ቀን ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር እንደሚነበብ፣ በሌላ አቆጣጠር የተጻፈ ካለ ከመላኩ በፊት መቀየር እንዳለበት፣ ከዚያም አንድ የሚሠራ ምሳሌ። ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲቀየር 2024-11-09 ይሆናል። ምሳሌው ውስጥ ጳጉሜን 5 ብትገባ ደግሞ ደስ ይለኛል፤ 13ኛ ወር ሲመጣ ፖስትግሬስ ምን እንደሚል ያሳያላ።

ይህን ለመጻፍ የድራይቨሩን ኮድ አብጠርጥሮ ማወቅ አያስፈልግም። የሳይኮፒጂ ሰነድ ከኮዱ ጋር ጊትሀብ ላይ፣ «ዶክስ» የሚል ፎልደር ውስጥ ነው ያለው። ኮፒ ታደርጉና አስተካክላችሁ በፑል ሪኩዌስት ትልካላችሁ። ገምጋሚዎቹ ስለ ጥቅምትም ስለ ቡናም ላያውቁ ይችላሉ። ስለዚህ «ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም» አትበሉ፤ ምን እንደላካችሁ፣ ምን እንደተመለሰና የመለሰው ፓይተን ይሁን ዳታቤዙ ጻፉ። የቨርዥኑን ቁጥርም አትርሱ፤ ማይኤስኪውኤል ላይ እንዳየነው፣ ያው ቀን በሌላ ቨርዥን ሌላ መልስ ያገኛል።