በሥራ ላይ ያለውን አንጎል የሚያሳየው መሣሪያ ለሕክምና ያለው ጥቅምና ወሰን

ለቡና ጆንያ የተሠራ ሚዛን ወርቅ አይመዘንበትም። ይህ በነጋዴው ዘንድ የታወቀ እውነት ለሕክምና መሣሪያዎችም ይሠራል፤ ይልቁንም በሥራ ላይ ያለውን አንጎል በሥዕል ለሚያሳየው ዘዴ የተገባ ነው።

የሰው አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ሲሆን፣ ሰውነት ዐርፎ ሳለ ከሚፈጀው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። አንደኛው ክፍሉ ሥራ በበዛበት ጊዜ ወደዚያ የሚሄደው ደም ይጨምራል። ኦክሲጅን የተሸከመ ደምና ኦክሲጅኑን ያራገፈ ደም በማግኔት ፊት ጠባያቸው ልዩ ልዩ መሆኑን መሠረት በማድረግ፣ ጃፓናዊው ሊቅ ሴጂ ኦጋዋ በአሜሪካ ሲሠሩ እ.ኤ.አ. በ1990 አዲሱን ዘዴ ገለጡ፤ በ1992ም በሰው ላይ ተሠራበት። እንግዲህ በሥዕሉ የሚታየው የደም ጉዞ እንጂ ሐሳብ ራሱ አይደለም። ለውጡም ጥቂት በመቶ ብቻ ስለ ሆነ፣ ሥዕሉ የሚገኘው ደጋግሞ በማንሣትና በብዙ ስሌት ነው።

በሕክምና ረገድ የዚህ ዘዴ ዋናው ጥቅም ከአንጎል ቀዶ ጥገና በፊት ነው። ዕጢ ያለበት ወይም መድኃኒት ያልበገረው የሚጥል በሽታ የያዘው ሰው በመሣሪያው ውስጥ ተኝቶ ጣቶቹን እንዲያንቀሳቅስ፣ ቃላትንም በልቡ እንዲፈልግ ይታዘዛል። ሐኪሙ ከዚህ በመነሣት የንግግርና የእንቅስቃሴ ስፍራዎች ከዕጢው ምን ያህል እንደሚርቁ ይገምታል። ቢላዋው ጥቂት ቢስት ሕመምተኛው ከሕመሙ ድኖ አንደበቱን ሊያጣ ይችላልና ነገሩ ቀላል አይደለም። ቀድሞ የንግግርን ወገን ለማወቅ፣ ዶክተር ጁን ዋዳ በ1949 እንዳስተዋወቁት፣ በደም ሥር መድኃኒት እየተሰጠ የአንጎሉ አንድ ወገን ለጥቂት ደቂቃ እንዲተኛ ይደረግ ነበር። የአሜሪካ የነርቭ ሐኪሞች አካዳሚ በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ለአንዳንድ የሚጥል በሽታ ሕመምተኞች አዲሱ ዘዴ በዚያ ፈንታ ሊታሰብ እንደሚችል አመለከተ። ቢሆንም ብዙ ቀዳጆች ሥዕሉን በእጃቸው ይዘው እንኳ፣ በቀዶ ጥገናው ጊዜ አንጎሉን በቀላል ኤሌክትሪክ እየነኩ ያረጋግጣሉ።

ሌላም የሚያስደንቅ ጥቅም ታይቷል። በ2010 በወጣ ጥናት፣ አእምሯቸውን ስተዋል ወይም ጥቂት ብቻ ያውቃሉ ከተባሉ 54 ሕመምተኞች መካከል 5ቱ ቴኒስ ሲጫወቱ ወይም በቤታቸው ሲመላለሱ በሐሳባቸው እንዲያዩ በታዘዙ ጊዜ አንጎላቸው መልስ ሰጠ። አንደኛው በዚሁ መንገድ ለጥያቄዎች አዎንና አይደለምን ለይቶ መለሰ። ይህ ለቤተሰብ ምን ማለት እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም።

የአንጎልን ሥራ በጨረር አፍላቂ መድኃኒት የሚያሳዩ ሌሎች መሣሪያዎችም አሉ። የእነዚህ ጭንቅ በአቅርቦት በኩል ነው። ፍሎሪን 18 የተባለው በ110 ደቂቃ ያህል፣ ቴክኒሺየም 99m የተባለውም በ6 ሰዓት ያህል ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳልና፣ በመጋዘን ተከማችቶ ገበያ የሚጠበቅበት ዕቃ አይደለም። በ2009 ቴክኒሺየም የሚገኝበትን ጥሬ ነገር ያመርት የነበረው የካናዳ የአቶም ማብለያ እስከ 2010 በመዘጋቱ፣ በብዙ አገሮች ያሉ ሆስፒታሎች ተቸገሩ።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንመለስ። በብዙ ሰዎች አማካይ ላይ የተገኘ ልዩነት ስለ አንድ ሰው ለመፍረድ አይበቃም። ስለዚህ ድባቴን ወይም ሌላ የመንፈስ ሕመምን በዚህ ሥዕል ብቻ ለይቶ ማወቅ በመደበኛ ሕክምና የተለመደ አልሆነም። ስሌቱም ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ በ2009 ተመራማሪዎች የሞተ ዓሣ በመሣሪያው ውስጥ አኑረው፣ ስሌቱ ያለ ተገቢ እርማት ሲሠራ የዓሣው አንጎል «ሲያስብ» አሳዩ። በ2016 የወጣ ጥናትም በሥራ ላይ የዋሉ የስሌት ፕሮግራሞች ከሚጠበቀው አብልጠው የሐሰት ምልክት ሊሰጡ እንደሚችሉ አስረዳ።

እንግዲህ አስመጪው ከዋጋው በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች ግልጽ ናቸው። ማግኔቱን ለማቀዝቀዝ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ የሚደርስ ፈሳሽ ሄሊየም ያሻል ወይስ አያሻም? ቢያሻስ ማን ያቀርባል? የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ አለ ወይ? ሥዕሉን የሚያነብ ሐኪም፣ ስሌቱን የሚመረምር ባለሙያ፣ ውጤቱንም በሥራ የሚያውል ቀዳጅ በአንድ ሆስፒታል ይገኛሉ ወይ? እነዚህ ባልተሟሉበት መሣሪያውን መሸጥ፣ ገዢውን በዕዳ፣ ሕመምተኛውንም በከንቱ ተስፋ መያዝ ነው። በተሟሉበት ግን ዕቃው የአንድን ሰው አንደበት ያተርፋል፤ የነጋዴውም መልካም ስም አብሮ ይጠበቃል።