ጠብታው የት ይደርሳል?

ከበቆጂ አሰላ ወርደው ዓይናቸውን የታዩ አባት ግላኮማ ከተገኘባቸው፥ ብዙውን ጊዜ ጠብታ ይታዘዝላቸዋል። በሽታው የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ ይገድላልና የጠፋው ብርሃን አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ለማትረፍ ነው። ነገር ግን ወደ ዓይን ውስጥ የሚዘልቀው ከመቶ 5 እጅ አይሞላም፤ ሌላው ከእንባ ጋር በጉንጭና በአፍንጫ ይወርዳል፥ ለዚያውም ስንት ብር የወጣበት!

የናኖፓርቲክል ጠበብት ያሰቡት፥ መድኃኒቱ የሚሊሜትር አንድ አሥር ሺኛ በሚያህል የስብ ከረጢት ታሽጎ፥ ከዓይን ገጽ ላይ እየቆየ ጥቂት በጥቂት እንዲገባ ነው። ለአልዛይመርም ይኸው ይሞከራል፤ የአንጎል ደም ሥሮች ግድግዳ ግን የባሰ ጥብቅ ነው። ለግላኮማም ቢሆን ሥራው ገና ከቤተ ሙከራ ብዙ አልራቀም።

እስከዚያው፥ ለዕረፍት አገር ቤት የምትገቡ ሁሉ ለወላጆቻችሁ ንገሩ፦ ጠብታ ሲያደርጉ ዓይናቸውን ጨፍነው፥ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ 2 ደቂቃ ያህል በጣት ይጫኑ።