የእንቆቅልሽ ጀብዱ ጨዋታ

የእንቆቅልሽ ጀብዱ ጨዋታ ተጫዋቹ አንድን ታሪክ እየተከተለ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወርበትና መንገዱን የዘጉ እንቆቅልሾችን እየፈታ ወደፊት የሚሄድበት የቪዲዮ ጨዋታ ዓይነት ነው። ከተኩስና ከእሽቅድድም ጨዋታዎች የሚለየው ዋናው ፈተና የጣት ፍጥነት ሳይሆን ማስተዋል በመሆኑ ነው። ይህ መጣጥፍ እንዲህ ያለ ጨዋታ ይበልጥ ከባድ ሆኖም ፍትሐዊ ሆኖ እንዴት እንደሚነደፍ ያብራራል።

ታሪክ

የጀብዱ ጨዋታዎች መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው ዊል ክራውዘር በ1976 እ.ኤ.አ. የጻፈውና ዶን ዉድስ በ1977 ያስፋፋው «ኮሎሳል ኬቭ አድቬንቸር» ነው። ሥዕል አልነበረውም፤ ተጫዋቹ ትእዛዙን በጽሑፍ ይሰጥ ነበር። በኢትዮጵያ ዳዊት አብርሃም የመሠረተው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» እና «ገበጣ» የተባሉ የስልክ ጨዋታዎችን ሠርቷል። ሁለቱም የጀብዱ ጨዋታ ባይሆኑም የአገር ባህል ለጨዋታ ንድፍ ምንጭ ሊሆን እንደሚችል ያሳያሉ።

ፍትሐዊና ኢፍትሐዊ ክብደት

አንድ እንቆቅልሽ ፍትሐዊ የሚባለው ተጫዋቹ መልሱን ሲያውቅ «እንዴት ሳላስተውለው!» ካለ ነው። ቀንም ሌትም ትሄዳለች፣ አይደክማትም ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ወንዝ መሆኑን የሰማ ሰው አይከራከርም። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው «ጋብርኤል ናይት 3» ግን ተጫዋቹ ሌላ ሰው ለመምሰል ከድመት ፀጉር ሐሰተኛ ጢም መሥራት አለበት፤ የሚመስለው ሰው ግን ጢም የለውም። ይህ እንቆቅልሽ እስከ ዛሬ የመጥፎ ንድፍ ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል።

ክብደትን የመጨመሪያ መንገዶች

ደረጃ በደረጃ ማሳደግ። በጎጃም በሚገኙት እንደ ዋሸራና ጎንጅ ባሉ የቅኔ ቤቶች ተማሪው የሚጀምረው ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ነው፤ በየደረጃው አልፎ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። በጨዋታም አዲስ ሕግ መጀመሪያ ብቻውን በቀላል ቦታ ይቀርባል፤ ቀጥሎ ከሌሎች ሕጎች ጋር ይጣመራል። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው «ፖርታል» የሚታወቀው በዚህ ዘዴ ነው።

ሰምና ወርቅ። አንድ ፍንጭ ላይ ላዩን የሚታይና ውስጥ የተሸሸገ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ለምሳሌ ቡሬ አቅራቢያ ባለ የገጠር ቤት የአያት ሣጥን በሦስት አኃዝ ተቆልፏል እንበል። በላዩ «የተወለድኩበት ዓመት ስንት ቀን ነበረው?» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ «ልደቴ» የተባለ የበሬ ሥዕል ተሰቅሏል። ብዙ ተጫዋች 365 ይሞክራል፤ ሰሙ ይህ ነው። ነገር ግን ቀደም ብሎ ፍኖተ ሰላም ላይ ያገኟቸው አንድ መምህር የወንጌላዊው ሉቃስ ምልክት በሬ እንደሆነና በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን እንደምትሆን ነግረውታል። ወርቁ 366 ነው። ፍንጮቹ ሁሉ አስቀድመው ታይተዋል፤ የቀረው ማገናኘት ብቻ ነው።

ዋጋ ያለው ፍንጭ። በባህላዊው እንቆቅልሽ መላሹ ሲያቅተው ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል፤ አገር ከተሰጠው በኋላ መልሱን ይናገራል። በዚሁ ዘዴ ፍንጭ የሚሻ ተጫዋች ከካርታው ካስከፈታቸው ከተሞች አንዱን፣ ለምሳሌ ቡሬን፣ አስረክቦ በሌላ እንቆቅልሽ ማስመለስ ይችላል። ፍንጭ መጠየቅ ይፈቀዳል፤ ግን በነፃ አይደለም።

የተጫዋቹ ሁኔታ

ከተማ ያለ ተጫዋች ሲያቅተው መልሱን ኢንተርኔት ላይ ይፈልጋል። ኔትወርክ በማይደርስበት ወይም በሚቆራረጥበት ገጠር ላለ ወጣት ግን አንድ ኢፍትሐዊ እንቆቅልሽ የጨዋታው መጨረሻ ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ተጫዋች የሚሠራ ጨዋታ ፍንጩን በውስጡ መያዝ፣ ያለ ኢንተርኔት መሥራትና የስልኩ ባትሪ ቢያልቅ እንኳ የተደረሰበትን ማስቀመጥ አለበት።

ፍተሻ

ንድፍ አውጪው መልሱን ስለሚያውቅ የራሱን እንቆቅልሽ ክብደት መመዘን አይችልም። ጨዋታውን አይቶት ለማያውቅ ሰው ሰጥቶ፣ ሳይናገር አጠገቡ ተቀምጦ መመልከት ይኖርበታል። ተጫዋቹ ቆሞ ካሰበ እንቆቅልሹ ከባድ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ በዘፈቀደ መነካካት ከጀመረ ግን የጎደለ ፍንጭ አለ።