አንድ ዓመት፣ አንድ ፋሲካ

ባሕረ ሐሳብ ለሚያውቁ መሪጌታ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ይንገሯቸው፤ ፋሲካ የሚውልበትን ቀን አስልተው ያወጡልዎታል። የሚገባ ቁጥር አለ፣ የማይለወጥ ደንብ አለ፣ የሚወጣ መልስ አለ። የሒሳብ ሰዎች ፈንክሽን የሚሉት ይህንኑ ነው፤ የሚገባውን ግብዓት፣ የሚወጣውን ውጤት ይሉታል።

2017ን እናስገባ። 5500 ሲደመርበት 7517 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል። አንድ ሲቀነስለት 11 ይቀራል፤ ወንበር የሚባለው እሱ ነው። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 209፣ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ 29። ይህ መጥቅዕ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ራሱን የቻለ ፈንክሽን ሲሆን፣ ከአንዱ የወጣው ወደ ቀጣዩ ይገባል።

አሁን 2036ን ያስገቡ። መጥቅዑ ያው 29 ነው። ይህ ችግር የለውም፤ ሁለት ግብዓቶች አንድ ውጤት ሊጋሩ ይችላሉ። የሚቸግረው ወደ ኋላ ለሚመለስ ሰው ነው፤ «መጥቅዑ 29 የሆነው ዓመት የቱ ነው?» ቢባል አንድ መልስ የለም። በፈንክሽን ሕግ የተከለከለው አንድ ግብዓት ሁለት ውጤት መስጠቱ ነው።

ግን እዚህ ላይ ቆም እንበል። በ2017 ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ፤ በ2036 የሚውለው ሚያዝያ 16 ነው። መጥቅዑ አንድ ሆኖ ፋሲካው እንዴት ሁለት ሆነ? ሕጉ ፈረሰ?

አልፈረሰም። የረሳነው ግብዓት አለ፤ እሱም መጥቅዑ በመስከረም የሚውልበት ዕለት ነው። መስከረም 29 ቀን 2017 ረቡዕ ነበር፤ የረቡዕ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚደመረው ቁጥር፣ 4 ነው። 29 እና 4፣ 33፤ ሠላሳው ሲገደፍ 3። የካቲት 3 ጾመ ነነዌ ገባ፤ ከዚያ ሁለት ወር ከ9 ቀን ሲቆጠር ሚያዝያ 12 ፋሲካ ሆነ። በ2036 ግን ያው መስከረም 29 ቅዳሜ ይውላል፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው። የአራት ቀኑ ልዩነት የመጣው ከዚሁ ነው። ለእኔ ከፈንክሽን ትምህርት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ አንድ ነገር ሁለት መልስ የሰጠ ሲመስለን፣ ያላስገባነው ነገር ይኖር እንደሆነ መፈተሽ።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚደናገሩት በአጻጻፉ ነው። የሒሳብ ሊቁ ሌዎናርድ ኦይለር በ1734 እ.ኤ.አ. የተጠቀመበትን f(x) («ኤፍ ኦፍ ኤክስ») ማባዛት አድርገው ያነቡታል። ቅንፉ ግን በር ነው፤ በውስጡ ያለው የሚገባው ቁጥር ነው።

ውጤቱም ወሰን አለው። የትኛውም ዓመት ቢገባ ፋሲካ ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም፤ 35 ቀኖች ብቻ ናቸው። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሪድሪክ ጋውስም በ1800 እ.ኤ.አ. የፋሲካን ቀን የሚያወጣ ስሌት ሲያሳትም የያዘው መንገድ ይህንኑ ይመስላል፤ ዓመቱን ለ19፣ ለ4 እና ለ7 እያካፈለ ቀሪውን ይይዛል። 19ኙ ለጨረቃ፣ ሁለቱ ለዕለቱ ናቸው።