ከአባቴ ትከሻ ላይ ያጠፋሁት እጅ

አባቴ ሰባ ዓመት ሲሞላው ምን ልስጠው ብዬ ብዙ አሰብኩ። ሸሚዝ ብገዛለት ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሰዓት ብሰጠው «ገንዘብህን ለምን ታባክናለህ?» ይለኛል። በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ አባቴን በፎቶ ስኮትላንድ ልውሰደው።

አባቴ ሜሪላንድ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነድቷል። ጎልፍ የጀመረው ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። ያስተማሩት የቅርብ ጓደኛው ነበሩ። ሁለቱ በየማክሰኞው ጠዋት ቡናቸውን በፔርሙዝ ይዘው ወደ ሜዳ ይሄዱ ነበር። ስንት ኳስ ኩሬ ውስጥ እንደከተቱ እነሱ ናቸው የሚያውቁት። እ.ኤ.አ. በ2022 ታይገር ዉድስ ሴንት አንድሩስ በተደረገው ውድድር እንባ እየተናነቀው ሕዝቡን ሲሰናበት በቴሌቪዥን አብረው አዩ። «አንድ ቀን እኛም ያን ድልድይ እንሻገራለን» ተባባሉ። ግን አልሆነም። ጓደኛው በዓመቱ አረፉ።

ድልድዩ ስዊልከን ይባላል። ርዝመቱ ዘጠኝ ሜትር ያህል ብቻ የሆነ፣ ከድንጋይ የተሠራ ጥንታዊ ድልድይ ነው። ጎልፍ ለሚወድ ሰው ግን ትልቅ ቦታ ነው። እውቁ ጃክ ኒክላውስ በ2005 ተመልካቹን የተሰናበተው እዚያ ላይ ቆሞ ነበር። ሜዳው እሑድ እሑድ አብዛኛውን ጊዜ ለጨዋታ ስለሚዘጋ ማንም ሰው ሊንሸራሸርበት ይችላል። እኔም ስኮትላንድ ስማር አንድ እሑድ ወደ ማታ ሄጄ ድልድዩን ፎቶ አንስቼው ነበር። ታዲያ የእኔን ድልድይ ከአባቴ ፎቶ ጋር ማቀናበር ምን ያስቸግራል? ሥራዬ ኮምፒውተር ነው።

ከአባቴ ፎቶዎች ጥሩውን መረጥኩ። አባቴ የጎልፍ ዱላውን ይዞ ይስቃል። ጓደኛው አጠገቡ ቆመው እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አድርገዋል። ፎቶሾፕ ከፍቼ አባቴን ለብቻው ቆርጬ አወጣሁት። ትከሻው ላይ የቀረውን እጅ ለማጥፋት ከሌላኛው ትከሻ የሸሚዙን ጨርቅ ቀድቼ ለጠፍኩበት። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ሲያልቅ በጣም ኮራሁ።

አንድ ችግር ግን ነበር። በአባቴ ፎቶ ፀሐይዋ ከቀኝ ትመጣለች፤ በድልድዩ ፎቶ ከግራ። ብርሃኑ እንዲስማማ አባቴን እንደ መስታወት ገለበጥኩት። እግሩ ሥር ደግሞ የጎልፍ ኳስ ጨመርኩ። ከዚያ ሁሉንም ሌየሮች አንድ ላይ አዋሕጄ፣ በዚያው በዋናው ፋይል ስም አስቀመጥኩት። ቢሮ ውስጥ የድሮውን ቅጂ ሳላስቀምጥ አንድ መስመር ኮድ እንኳ አልቀይርም። በአባቴ ፎቶ ላይ ግን ይህን ረሳሁት።

የልደቱ ቀን ትልቁን ፎቶ በፍሬም ሰጠሁት። መነጽሩን አደረገና ቀረብ ብሎ አየው። መጀመሪያ ሳቀ።

«ይህ ኳስ ነው ብርቱካን?» አለኝ። እውነቱን ነው። የጎልፍ ኳስ ስፋቱ 4.3 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የእኔው የጫማውን ግማሽ ያህል ነበር።

«ጓንቱንስ መቼ ነው በቀኝ እጄ ያደረግኩት?» ይህም እውነት ነው። በቀኝ የሚመታ ተጫዋች ጓንት የሚያደርገው በግራ እጁ ነው። እኔ ስገለብጠው ጓንቱም አብሮ ተገለበጠ። ኮፍያው ላይ ያለው ጽሑፍም ከኋላ ወደ ፊት ይነበብ ነበር።

ከዚያ ጣቱን መስታወቱ ላይ፣ ትከሻው ጋ አሳረፈ። ሳቁ ጠፋ።

«እዚህ የነበረው እጅስ?»

«አጠፋሁት አባዬ። ምንም አያስታውቅም አይደል?» አልኩት፤ አሁንም እየኮራሁ።

ትንሽ ዝም አለ። «ልጄ፣ እኔ እኮ ያንን ፎቶ ያስቀመጥኩት ለእጁ ብዬ ነው» አለኝ።

ምን እንደምመልስለት ጠፋኝ። ስልኩን ቀይሮ ስለነበር የቀረው ቅጂ እኔ ጋ ያለው ብቻ ነበር። እሱንም አበላሽቼዋለሁ።

በማግስቱ ወደ ጓደኛው ባለቤት ደወልኩ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። እሳቸው የባላቸውን ስልክ ካረፉ ጀምሮ ከፍተውት አያውቁም ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ፎቶው ደረሰኝ። ከሥሩ «አይዞህ ልጄ፣ እኔም አየሁት» የሚል ጽፈውበታል። የእኔ ጥድፊያ እሳቸውን ምን እንዳስከፈላቸው የገባኝ ያኔ ነው።

እንደገና ጀመርኩ። በዚህኛው ማንንም አልገለበጥኩም። ከድልድዩ ማዶ ሆኜ ያነሳሁት ሌላ ፎቶ ነበረኝ፤ በእሱ ላይ ብርሃኑ ከቀኝ ይመጣል። ጥላቸውን በድንጋዮቹ ላይ ካሉት ጥላዎች ጋር አስተካከልኩ። ኳሱን ተውኩት። ዋናውን ፋይል ደግሞ ሦስት ቦታ አስቀመጥኩ። አሁን ሁለቱም ድልድዩ ላይ ቆመዋል፤ እጁም ትከሻው ላይ አለ።

አባቴ ፎቶውን ብዙ ጊዜ አየው። «ከሥሩ ‹ልጄ በኮምፒውተር የሠራው› ብለህ ጻፍበት» አለኝ። «አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶች አይተው እንኳን ደስ አላችሁ ሲሉኝ፣ ሄደን ነበር ብዬ አልዋሽም።» ጻፍኩበት።

እናንተም ለወላጆቻችሁ እንዲህ ያለ ስጦታ ለመሥራት ካሰባችሁ፣ ዋናውን ፎቶ አትንኩ፤ በቅጂው ላይ ሥሩ። ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አስቀድማችሁ እዩ። ከፎቶው ላይ ሰው ከማጥፋታችሁ በፊት ደግሞ «ይህ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ያንን ሳልጠይቅ ነው ሁለት ሰዓት የደከምኩት።